አውራሪሱ ምን አለ?

አንድ ቀን መተሐራ ውስጥ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት የአውሬ አዳኞች ፊልም ይታይ ነበር። አዳኞች ሲባል ገዳዮች እንዳይመስሏችሁ፤ አውሬውን ከነሕይወቱ ይዘው ለውጭ አገር መካነ እንስሳት የሚያስረክቡ ጉዶች ናቸው። አያያዛቸውም እንዲህ ነው፦ አንዱ መኪናውን ያበርራል፣ ሌላው ደግሞ ከፊት ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ በተበየደች ወንበር ተቀምጦ፣ ጫፉ ላይ ሸምቀቆ ያለው ረጅም ዘንግ ይይዛል። ሸምቀቆው አንገት ካገኘ ጥሩ፤ ካላገኘ አውራሪሱ ወንበሩን ያገኘዋል።

በዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት ማለት ቴሌቪዥንና ካሴት ብቻ አልነበረም፤ ተርጓሚም ነበረው። ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ይቀመጥና ፈረንጆቹ የሚያወሩትን በአማርኛ ያስረዳል። የዚህ ቤት ተርጓሚ ሰይፈ ይባላል። ሰይፈ እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህን እሱ ራሱ አሳምሮ ያውቃል፤ ሌላው ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይቆት አያውቅም። የሸንኮራ እርሻው ሠራተኞችና የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ወደዚያ ቤት የሚጎርፉት ከፊልሙ ይልቅ ለሰይፈ አፍ ብለው ነበር።

እናላችሁ፣ የሚያሳድዱት አውራሪስ ድንገት ዞሮ ወደ መኪናው ሲመጣ ወንበሩ ላይ ያለው አክተር አንድ ነገር ጮኸ። ሰይፈም ወዲያው፣

«‹አንተ ሾፌር! መንጃ ፈቃድህን በግ ሸጠህ ነው ያወጣኸው?› አለው» ብሎ ተረጎመ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም በላይ የሳቁት ሾፌሮቹ ናቸው።

«ውሸት ነው!» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ ተሰማ።

አቶ ኅሩይ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ አዲስ አበባ ቱሪስት ሲያስጎበኙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከመጡ ጀምሮ የፋርማሲውን ታፔላ አርመዋል፣ የሆቴሉን ሜኑ አርመዋል፤ ያልታረመ የቀረው ሰይፈ ብቻ ነበር።

«ሰውየው ያለው ‹ወደ ግራ ታጠፍ› ነው! ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም!»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አቶ መንበሩ ካሴቱን አቆሙት።

«ሰይፈ፣ እውነት ነው?»

«መኪናው ታጥፏል እኮ ጋሼ» አለ ሰይፈ። «እኔ የተናገርኩት ለምን እንደታጠፈ ነው።»

«ይኼ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም!» አሉ አቶ ኅሩይ። «እኔ ለእውነት ስል በነፃ እተረጉምላችኋለሁ!»

አቶ መንበሩ የተሰበረ አግዳሚ በድንጋይ ደግፈው ሰው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። እውነት የምትለዋን ቃል ይስሟት አይስሟት እንጃ፤ በነፃ የምትለዋን ግን ሰምተው ፊታቸው በራ።

«በል ተነስ፣ ለጋሼ ኅሩይ ልቀቅላቸው።»

ሰይፈ ማይኩን አስረከበ። ከዚያች ወንበር ከወረደ የሚጠብቀው የሸንኮራ ቆረጣው ነው፤ ፀሐዩንም ቆንጨራውንም ያውቃቸዋል። ወደ በሩ ሄዶ መቃኑን ተደገፈ።

ፊልሙ ቀጠለ። አቶ ኅሩይ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጠበቁ። ማባረር ሲጀመር ግን የፊልሙ ሰዎች ማውራት አቆሙ። ሞተር፣ አቧራ፣ የአውራሪስ ትንፋሽ፤ ሌላ ነገር የለም።

«ምን አሉ?» አለ አንድ ሾፌር።

«ምንም አላሉም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ምንም!»

አውራሪሱ መኪናውን በጎኑ ገጭቶ አጓራ።

«እሺ፣ እሱስ ምን አለ?»

«ማን? አውራሪሱ?»

«የጮኸው እሱ አይደል እንዴ ጋሼ!»

«አውራሪስ ምን ይላል? እንስሳ ነው!»

«ሰይፈ ሲተረጉም ሁሉም ያወራ ነበር» አለ ሌላው፤ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ። ጎረቤቱም ተከተለው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰው መነሳት ከጀመረ የባለቤቱ ልብ አብሮ ነው የሚነሳው። አቶ መንበሩ ካሴቱን እንደገና አቆሙት።

«ሰይፈ፣ አንተ አውራሪሱ ያለውን ታውቃለህ?»

አቶ ኅሩይ ሳቁ። «እንግሊዝኛ ያቃተው የአውራሪስ ቋንቋ ሊያውቅ! ባክህ ማን አስተማረህ?»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሰይፈ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ መድረቅ ከእንግዲህ እንደማያዋጣ ገብቶታል። ከመቃኑ ተላቀቀና በአክብሮት እጅ ነሳ።

«ጋሼ ኅሩይ፣ በእንግሊዝኛው እጄን ሰጥቻለሁ። ግን እዚህ ፊልም ውስጥ ያለው ሰው ቢሰበሰብ አንድ መኪና አይሞላም፤ የቀረው በሙሉ አውሬ ነው። እርስዎ መኪናውን ይያዙ፣ እኔ ጫካውን እይዛለሁ። ከተሳሳትኩ ደግሞ አውራሪሱ ራሱ ይምጣና ያርመኝ!»

የተነሱት ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሰይፈም ከአቶ ኅሩይ አጠገብ ዱካ ተሰጠው። ሳይውል ሳያድር፣ የፊልሙ ሰዎች ዝም ባሉበት ሰዓት፣ አቶ ኅሩይ ማይኩን ከሰይፈ እጅ ነጥቀው ፊልሙ ላይ የምትሮጠውን ሰጎን ሲተረጉሙ ተሰሙ።