የአንጓች ግራ ጆሮ

አንድ ሽባባው የሚባል የእድር ዳኛ ነበር። አንጓችን በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት ያዋረዳት እሱ ነው። ስሙ አስቀድሞ ይጠራ፤ ሥራው ይከተላል። ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ፤ ይሁን። ክፉ ያልሆነ ሰውም አፉን ከከፈተ በኋላ የት ላይ እንደሚዘጋው ይጠፋበታል።

አንጓች በዚያች ከተማ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ከተማዋ ከተራራ ሥር የተኛች ናት፤ ጉም ሲሞላት ቤቱም ዛፉም የሚዋኝ ይመስላል። በዚያ ጉም ውስጥ የአንጓች ድምፅ ሲነሳ፣ አላለቅስም ብሎ ጥርሱን የነከሰ ወንድ እንኳ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ይስባል። አንጓች ያላለቀሰችለት ሰው በወጉ አልሞተም ይባል ነበር። ይህን መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ራሷ አንጓች ሳትሆን አትቀርም።

የከተማዋ ሰው በለቅሶ ላይ የሚጠብቀው አንድ ሥርዓት አለው። ሙሾ አውራጇ ከሐዘንተኛው በስተግራ፣ ትከሻ ለትከሻ ትቆማለች። ሐዘንተኛው ሟቹን ሊያናግር አፉን የከፈተ እንደሆነ ግን፣ ግጥሙ እኩሌታው ላይ ቢሆንም ትተወዋለች። ከሐዘንተኛ ድምፅ በላይ የሚወጣ ድምፅ የለም። ይህን ሥርዓት ለታናናሾቹ ሙሾ አውራጆች ያስተማረችው አንጓች ነበረች።

ታዲያ ስንዱ የምትባል ሴት አንድ ልጇ ታሞ ሞተባት። አንጓች ተጠራች፤ ከስንዱ በስተግራ ቆማ ሙሾውን ታወርድ ጀመር። በመካከል ላይ ስንዱ ልጇን ማናገር ጀመረች። ድምጿ ክር ያክል ነበር። ለቀስተኛው እሷን ለመስማት ጸጥ አለ። አንጓች ግን ጸጥታው የእሷ መሰላት። ግጥሜ ሰውን ከቆመበት ተከለው ብላ፣ ደስ ብሏት፣ ድምጿን ይበልጥ ከፍ አደረገች። የስንዱ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ የምትለው ግን ከአንጓች ድምፅ ሥር ሰጠመ።

ሽባባው ያን ጊዜ ተነሳ። በሌላ ቀን አንቱ ይላት የነበረ ሰው ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ በቃሽ። ጆሮሽ ከሟቹ ቀድሞ ሞቷል» አላት።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በለቅሶ ቤት ሳቀ። የእድሩ ሽማግሌዎችም ተመካከሩና ጆሮዋ ደህና መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አንጓች ከሐዘንተኛ አጠገብ እንዳትቆም ወሰኑ።

አንጓች ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ከልጃገረድነቷ ጀምሮ የቆመችው እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ ከሐዘንተኛ በስተግራ። ያቺን ቦታ ካጣች አንጓች የምትባለው ሴት ማን ናት? የምትሄድበት ገበያ፣ የምታነሳው ወሬ፣ የምትኮራበት ነገር ሌላ የላትም። ተኝታም ያንን ሳቅ ትሰማው ነበር።

ከተራራው ወገብ ላይ የጥናት ቤት አለ። እዚያ ይፍቱስራ የምትባል ሊቅ ትኖራለች። ጠብታና ኪኒን የምትሰጥ ሐኪም አይደለችም። የእሷ ሥራ በሰው ገላ ውስጥ ድምፅ እንዴት ወደ እንቅስቃሴ፣ እንቅስቃሴው ደግሞ እንዴት ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለወጥ መለካት ነው። ሰዎች የጆሮን ድምፅ የምታዳምጥ ሴት ይሏታል። ጆሮ ምን ድምፅ አለው ብለውም ይስቁባታል። አንጓችም አብራ ስትስቅ የኖረች ናት፤ አሁን ግን ወደ እሷ መሄድ ግድ ሆነባት። ብቻዋን አልሄደችም። ሄዳ ከሽባባው ደጅ ላይ ቆመች።

«ነገ ጆሮዬን ላስመረምር ነው። አንተም ትመጣለህ» አለችው።

«እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«ሞቷል ያልከው አንተ ነህ። ሬሳውን አሳየኝ።»

ሽባባው በማግስቱ ተከተላት።

ይፍቱስራ የተቀበለቻቸው ድምፅ አልባ በሆነች ክፍል ነበር። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉም ሳይቀር ሾጣጣ ስፖንጅ ተለብጦበታል፤ የሚቆሙት በስፖንጁ ላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ነው። በሩ ሲዘጋ ዓለም ከውጭ ቀረች። አንጓች «ልጄ» ብላ ልትናገር ሞከረች፤ ቃሉ ከከንፈሯ እንደወጣ እዚያው ወደቀ። ምንም ነገር አልመለሰውም። ዕድሜዋን ሙሉ ድምጿ ከተራራ ተመትቶ ሲመለስላት የኖረችውን ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ጥሏት ሄደ።

ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መጣ። መጀመሪያ ልቧን ሰማች፤ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ የእግረኛ ኮቴ። ቀጥሎ ደሟን ሰማች፤ በሣር ሥር እንደሚሄድ ውሃ ይንሿሿል። አንገቷን ስታዞር አጥንቷ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከራሷ ገላ ውስጥ የምትዞር እንግዳ መሰለች። ቤቱን ሳታውቀው ይህን ያህል ዘመን መኖሯ አስገረማት።

«እማማ፣ አይፍሩ» አለች ይፍቱስራ። «እዚህ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ራሱን ነው።»

«ማን ፈራ? ሥራሽን ሥሪ።»

ይፍቱስራ ከጫፉ ማይክሮፎን ያለበት ቀጭን ቱቦ አምጥታ በአንጓች ግራ ጆሮ ውስጥ በቀስታ አስገባች። «በዚህች ቱቦ ትንሽ ድምፅ እልካለሁ፤ እንደ ጠብታ ጠብ ትላለች። ደህና ጆሮ ከሆነ ይመልስልኛል።»

«ጆሮ ይሰማል እንጂ ይመልሳል?»

«ይመልሳል። ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ትንሽ ቤት አለ። እዚያ ውስጥ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሴሎች ተሰልፈዋል። ድምፅ ሲገባ ይጨፍራሉ። የሚጨፍሩትም ደካማውን ድምፅ ደግፈው ከፍ ለማድረግ ነው። ሲጨፍሩ ታዲያ የእግራቸው ድምፅ ወደ ውጭ ያፈተልካል። እኔ የማዳምጠው እሱን ነው።»

ጠብታዋ ጠብ አለች። ቱቦው ከተያያዘበት ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ተሰማ፤ እንደ ፉጨት የቀጠነ፣ ጉም ውስጥ እንደጠፋች ወፍ ድምፅ የራቀ። አንጓች ትንፋሿን ዋጠች። ስንት ሙት አንጎራጉራ ሸኝታለች፤ ከውስጧ ግን ሌላ የሚያንጎራጉር እንዳለ ማንም ነግሯት አያውቅም።

«ሰማህ?» አለችው ሽባባውን። «ሬሳ ያፏጫል?»

ሽባባው አንገቱን ደፋ። ይፍቱስራ ግን ቱቦውን ወደ ቀኙ ጆሮ አዛወረች። ጠብታዋ ጠብ አለች። ምንም። ደግማ ላከች። ምንም። የክፍሉ ጸጥታ ብቻ ነበር።

«ቀኙ አይመልስም፣ እማማ» አለች ይፍቱስራ። «ጨፋሪዎቹ የሉም።»

«አላልኩም?» አለ ሽባባው፤ አንገቱም ከመቅጽበት ቀና አለ።

«አንተ ቆይ። ልጄ፣ ቀኙ ከሞተ ታዲያ የዚህን ሰውዬ ድምፅ በቀኝም በግራም የምሰማው ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው?»

ይፍቱስራ ፈገግ አለች። «ጩኸት ጭፈራ አያስፈልገውም፤ በራሱ ጉልበት ይገባል። የጠፋብዎ ዝግ ያለው ድምፅ ነው። ሹክ የሚለው።»

አንጓች የስንዱ ከንፈር ትዝ አላት። ስንዱ የቆመችው በቀኟ ነበር።

«ጨፋሪዎቹን ምን ገደላቸው?» አለች።

«ዕድሜ አለ። ከባድ ድምፅም አለ። በቀኝዎ በኩል ለረጅም ጊዜ የሚጮህ ነገር ነበረ?»

በቀኟ በኩል ሐዘንተኞች ነበሩ፤ ዕድሜ ልኳን። ባሏን ያጣችው፣ ልጁን የቀበረው፣ እናቴን ብላ መሬት የመታችው፣ ሁሉም በዚያ ጆሮ ሥር ነው ዋይ ያሉት።

«እንግዲያው በሥራ ላይ ነው የሞተው» አለች አንጓች። «ስንፍና አልገደለውም።»

ይፍቱስራ አንድ ነገር ልታሳያቸው ፈለገች። ቱቦውን ወደ ግራው ጆሮ መለሰች፤ በቀኙ ደግሞ እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ጠንከር ያለ ድምፅ ለቀቀች። ያን ጊዜ ከድምፅ ማጉያው ይመጣ የነበረው የግራው ጆሮ ፉጨት ቀነሰ፤ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዝቅ፣ ዝቅ አለ። የዝናቡ ድምፅ ሲቆም ፉጨቱ ተመለሰ።

«ምን ሆነ? ታመመ?» አለች አንጓች።

«አልታመመም። በአንዱ ጆሮ ድምፅ ሲገባ አንጎል ለሌላኛው መልእክት ይልካል፤ እሱም የራሱን ጭፈራ ያበርዳል። ማንም አላስተማረውም። ሌላ ድምፅ ሲመጣ ጆሮ የራሱን ዜማ ዝቅ ያደርጋል።»

አንጓች ነገሩን አላመጠችው። ቀጥሎም ወደ ሽባባው ዞረች። «አሁን ይሄን መርምሪልኝ።»

«እኔ ምን በወጣኝ» አለ ሽባባው።

«ሬሳ አይደለሁም ካልክ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ግራውም ቀኙም መለሰ፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ እንደ ጎረምሳ ያፏጫሉ። ሽባባው ጢሙን ዳሰሰ። ይፍቱስራ በአንዱ ጆሮው የዝናቡን ድምፅ ስትለቅበት፣ የሌላኛው ፉጨት ዝቅ አለ።

«አየህ» አለች አንጓች። «የአንተም ጆሮ ዝቅ ማለት ያውቃል። ያን ቀን ስንዱን በሁለቱም ጆሮህ ሰምተሃታል። እኔ ሳልሰማ ነው የጮህኩባት፤ አንተ እየሰማህ ጮህክባት። ያላወቀበት አፍህ ነው።»

ሽባባው ሊመልስ አፉን ከፈተ። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሰው የራሱን ልብ ስለሚሰማ፣ መልሶ ዘጋው።

ተራራውን ሲወርዱ ጉሙ ወገባቸው ድረስ ነበር። መንገዱ አይታይም፤ በደመና ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ሽባባው ከኋላ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«እትዬ አንጓች፣ ለሽማግሌዎቹ ምን ልበል? ያሉትን እላለሁ።» አንቱታው ተመልሷል።

አንጓች ግራው ደህና ነው ብቻ በላቸው ብትለው ይልላት ነበር፤ ያየውን ካየ በኋላ እምቢ የማለት አቅም አልነበረውም። ቦታዋም ይመለስላት ነበር። ግን በዚያች ቦታ ላይ በቆመች ቁጥር፣ በቀኟ የቆመ ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅስ አያንቀሳቅስ አታውቅም። አሁን ደግሞ አለማወቋን አወቀች።

«ያየኸውን ንገራቸው» አለችው። «አንዱ አለ፣ አንዱ የለም በላቸው። ቦታዬን ለታናናሾቹ ይስጡ፤ ግጥም ካነሳቸው እኔ ቤት ይምጡ። የራስህን ጆሮ ነገርም ሳታስቀር ጨምርበት።»

ሽባባው ሄዶ ነገራቸው። የራሱንም ጨመረ ይባላል፤ ጨመረም አልጨመረ ያው እሱ ያውቃል።

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው ልብ ይበል። መስማት ማለት አፍን ይዞ ተራን መጠበቅ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ጆሮ እንኳ፣ ያቺ ጥፍር የማታክል ቀንድ አውጣ፣ የምትሰማው የራሷን እየሰጠች ነው፤ ደካማውን ድምፅ ትደግፈዋለች፣ ሌላ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ የራሷን ዜማ ዝቅ ታደርጋለች። ጩኸትን ማንም ይሰማል፤ ጩኸት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የሰው ጆሮ የሚለካው ሹክ በሚለው ሐዘን ነው። ደህና ጆሮ ኖሮት የማይሰማ አለ፤ ጆሮው ደክሞ ሊሰማ የሚጠጋም አለ። እርስዎስ አንባቢ፣ አጠገብዎ ያለ ሰው በቀጭን ድምፅ ሲናገር፣ ከውስጥዎ ምን ዝቅ ይላል?

አንጓች በማግስቱ ጠዋት ወደ ስንዱ ቤት ሄደች። ስንዱ ከመደብ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። አንጓች ዞራ በስንዱ ቀኝ ተቀመጠች፤ ግራ ጆሮዋ ወደ ስንዱ እንዲሆን። «ያን ቀን ለልጅሽ የምትነግሪው ነገር ነበር» አለቻት። «አልሰማሁም። አሁን ንገሪኝ።» ስንዱ መሬት መሬት እያየች፣ በዚያው በክር ድምጿ፣ «የበሩ መወርወሪያ አንተ እንዳበጀኸው ነው፣ ማንም አይነካውም እያልኩት ነበር» አለች። ከአንጓች ምላስ ላይ ግጥም መጣ፤ ሙሉ ቤት የሚያስለቅስ ግጥም። ዋጠችውና ጆሮዋን አስጠጋች።