በመጽሐፉ ጀርባ የተጻፈ ቃል

አንድ አስተማሪ ነበረ። በቤተ ክርስቲያን ብዙ ዘመን ያስተማረ፣ አንደበቱም ኑሮውም የተመሰገነ ሰው ነበረ። ልጄ፣ አስተያየት እንድትጽፊበት የተሰጠሽን መጽሐፍ ይዘሽ መጥተሽ «ጥቅሶቹን አመሳክሬአለሁ፣ ማውጫውንም አይቻለሁ፤ ከዚህ ሌላ ምን ልይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ የዚህ ሰው ነገር ነው፤ ስሚኝ።

ሰዉ ይህን አስተማሪ ያምነው ነበር። ምእመናን አዲስ መጽሐፍ ሲያገኙ ፊቱን አይተው አይገዙም፤ ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ያያሉ። እዚያ ከረባቱን አስሮ፣ ፈገግ ብሎ የተነሣው ፎቶ ካለ «እሱ ካለበትማ ምን ይጠየቃል!» ብለው ይወስዱታል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ደስም ይለዋል። ማን ደስ የማይለው አለ?

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ወጣት ሰባኪ የጽሑፉን ጥራዝ ይዞ ቤቱ መጣ። የልብ ወዳጁ ልጅ ነው፤ ዓይኑ እያየ ያደገ። መጽሐፉ አማኝ በዕለት ተዕለት ኑሮው እንዴት ድል እያደረገ እንደሚኖር የሚያስተምር ነበር።

«ጋሼ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀን ነው። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ» አለው።

አስተማሪው ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አደረገ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበ፤ ስለ መዳን የተጻፈው ቀና ነው። ከጥቅሶቹ አንዳንዱን አመሳከረ፤ ምዕራፉም ቁጥሩም ልክ ነው። ማውጫው ላይ «በሐዘን ላይ ድል» የሚል ርእስ አየና ወደደው፤ ምዕራፉን ግን አላነበበውም። «ተወውና ረጋ ብዬ ልየው» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጁ እስክሪብቶውን ከፍቶ ቆሟል፣ አባቱም ወዳጁ ነው፤ ይሉኝታ ያዘው። «መልካም መጽሐፍ ነው። ይልቁንም ሐዘን ለገባበት ቤት መድኃኒት ነው፤ ሳትሠጉ አንብቡት» ብሎ ጻፈ። ልጁ ጉልበቱን ስሞ፣ እየሮጠ ሄደ።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን አንዲት መበለት ነበረች። እሑድ እሑድ ሕፃናትን የምታስተምር፣ ሳቂታና ተጫዋች ሴት ነች። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ለትዳር የደረሰ ጎልማሳ። እሱ ታሞ በተኛ ጊዜ ያንን መጽሐፍ ገዝታ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ታነብ ነበር። ልጇ አልዳነም።

ከቀብር ስትመለስ የዕድሩ ሰዎች በደጇ ድንኳን እየተከሉ አገኘቻቸው። ቀረብ አለችና «ድንኳኑን አንሡልኝ። ልጄ ጌታ ዘንድ ነው፤ በዚህ ቤት ለቅሶ የለም» አለቻቸው። ሰዉ ግራ ገባው። ከሩቅ አገር የመጣችው እህቷ ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ ያዘቻት። ጎረቤቶቿም ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወደየቤታቸው ተመለሱ። እህቷ ተቀይማ በማግሥቱ አገሯ ገባች።

አስተማሪው ይህን ሲሰማ ልቡ በደስታ ሞላ። በእሑዱ ስብከት ላይም «እምነት ማለት ይህ ነው!» ብሎ ስሟን ጠርቶ አመሰገናት። ሰዉ እልል አለ። እሷ ከፊት ተቀምጣ ፈገግ ብላ ነበር። እዚያ ፈገግታ ላይ ትንሽ ቆየት ብሎ ቢመለከት ኖሮ! ግን ስብከቱ እየጣፈጠው ነበርና አላየም።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። ቆይቶ አስተማሪው ሊጠይቃት ሄደ። የልጇ ጫማ ተወልውሎ በሩ ጥግ ተቀምጧል። እሷ ግን ከስታ፣ ጠቁራ፣ ሰው መስላ አልታየችውም። ያም ሆኖ ፈገግ ብላ ተቀበለችው፤ ያቺው ፈገግታ ናት።

«ምነው ጠፋሽ፣ እህቴ?» አላት።

«አፍሬ ነው» አለች። «እርስዎ በጉባኤ አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን እንደዚያ አይደለሁም። መታጠቢያ ቤት እገባና ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ ውሃው ሲጮህ ማንም አይሰማኝምና አለቅሳለሁ። ዛሬም አልቅሻለሁ። ተው እያልኩት ልቤ እምቢ አለኝ። መምህር፣ ይህ ኃጢአቴ ይቅር ይባልልኝ ይሆን?»

አስተማሪው ክው አለ። «ማልቀስ ኃጢአት ነው ያለሽ ማን ነው?» አላት።

ከመሶቡ ላይ መጽሐፉን አንሥታ ሰጠችው። በተቀበለው ጊዜ ከላይ የነበረው ጀርባው ነው፤ ከረባቱን ያሰረው የራሱ ፎቶ ከእጁ መዳፍ ላይ ፈገግ ብሎ አየው። «የእርስዎን ቃል አይቼ ነው የገዛሁት። ሐዘን ለገባበት ቤት መድኃኒት ነው ብለዋል» አለችው።

ያን ምዕራፍ ገልጦ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የአማኝ እንባ እምነቱ የሚፈስስበት ቀዳዳ ነው ይላል። የሚያለቅስ ሰው ሞት አሸነፈ ብሎ ለጠላት ይመሰክራል ይላል። እሷ ሥሩን በእርሳስ አስምራበታለች። እሱ ግን የእሷን ፊት እያየ ሦስተኛውን መስመር ማንበብ አቃተው፤ ድምፁ ተያዘ፣ መጽሐፉን ዘጋው።

«እህቴ፣ ይህን ገጽ አላነበብኩትም» አላት።

«ስምዎ እኮ አለበት።»

«ስሜ አለበት። አላነበብኩትም።»

አስተማሪው አንገቱን እንደደፋ፣ ጌታ ራሱ በወዳጁ መቃብር አጠገብ ማልቀሱን ሊያስታውሳት ጀመረ።

«አውቀዋለሁ፤ ለሕፃናቱ አስተምሬዋለሁ እኮ» አለች። «መጽሐፉ ግን ያ ከመስቀሉ በፊት ነው፣ ለእኛ አይሆንም ይላል። እርስዎ ደግሞ ሳትሠጉ አንብቡት አሉ።» ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ታዲያ ለልጄ ማልቀስ ይቻል ነበር?» አለችው።

አስተማሪው ተነሥቶ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደና «እባካችሁ፣ ያን ድንኳን ትከሉላት» ብሎ ለመነ። ዳኛው ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ አዘኑ እንጂ አልተቆጡም። «መምህር፣ ድንኳኑ ዛሬ ሌላ ሰው ደጅ ላይ ነው። ሰውም ለቅሶ የሚደርሰው በጊዜው ነው። ያኔ ሁላችንም መጥተን ነበር» አሉት።

ያም ሆኖ ማምሻውን ጥቂት ጎረቤቶች መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀመጡ። እሷም የልጇን ስም እየጠራች፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ አለቀሰች። አስተማሪውም በር አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። ቤቱ ግን አልሞላም። እህቷ አልነበረችም። የልጁን ነገር፣ የልጅነቱን ጨዋታ እያነሡ የሚያወሩት የልጁ ባልንጀሮችም ያኔ ከደጅ ተመልሰው ሄደዋል። ያ ቀን ተመልሶ አይመጣም።

ወጣቱ ሰባኪ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ ምዕራፉንም ከቀጣዩ እትም አወጣው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ገና ማንንም ያልቀበረ ልጅ ነበር። አስተማሪውም ስሙ ከጀርባው እንዲነሣ አደረገ። የመጀመሪያው እትም ግን በየሰዉ ቤት ገብቷል፤ የማን ቤት እንደሆነ እሱ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሊደርስ በሄደበት ቤት ሁሉ፣ ገና ከበሩ ሲዘልቅ ዓይኑ ጠረጴዛውና መደርደሪያው ላይ ያን መጽሐፍ ይፈልጋል። ለባለቤቶቹ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው ይባላል።

እንግዲህ ልጄ፣ መጽሐፍን እንዴት ልመዝን ብለሽኛል። ጥቅሱን ማመሳከርሽ ደግ ነው፤ አስተማሪውም አመሳክሮ ነበር። ግን አንቺ ጽፈሽ ስትጨርሺ፣ መጽሐፉ ወደ አንድ ቤት ይገባል፤ ስምሽም አብሮት ይገባል። እዚያ ልጇን የቀበረች እናት ትኖራለች፣ ሥራ ያጣ አባት ይኖራል፣ ትዳሯ የሚፈርስባት ሴት ትኖራለች። መጽሐፉን ይዘሽ በሐሳብሽ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ዓይናቸውን እያየሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ድምፅሽ የተያዘበት ገጽ ላይ ስትደርሺ፣ ስምሽን አትስጪ፤ ጸሐፊው ወዳጅሽም ቢሆን፣ ጉልበትሽን ቢስምም አትስጪ። አስተማሪው ያን ምዕራፍ ያነበበው በመጨረሻ በእናትየዋ ፊት ነው፤ ማንበብ የነበረበት ግን ቤቱ ሳለ ነው።

ምን አልሽኝ? ማተሚያ ቤቱ ቸኩሏል? ይጠብቃ። አንቺ ሂጂና ያላነበብሽውን አንብቢ።