ጥሩምባ ነፊውና ባለሐዘን ያጣው ሟች

አንድ ሰው ነበረ። ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ቆይ ልጄ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ጠርሙስሽን አጥበሽ፣ ፌስታልሽን አጣጥፈሽ በየሳምንቱ ለቆራሌው ስትሰጪ ኖረሻል። ትናንት ያው ቆራሌ ግማሹን ገደል ሲደፋው በዓይንሽ አየሽ። ተናደሽ መጣሽና «አባባ፣ እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ፤ ከእጄ ከወጣ በኋላ የማን ነው?» አልሽኝ። መልሱ ያለው ከዚህ ሰው ዘንድ ነው። ቁጭ በይና ስሚኝ፤ እግርሽን ግን አትወዝውዢብኝ፣ ሐሳቤን ይበትነዋል።

ሰውየው ባንትይርጉ ይባላል። ስሙን የምነግርሽ ኋላ ስለሚያስፈልግሽ ነው። በከተማዋ ሰው ሲሞት፣ ሊነጋጋ ሲል ጉብታው ላይ ይወጣና ሦስት ጊዜ ይነፋል። ከዚያ ይለፍፋል፤ «እድርተኛ ሆይ! የእነ እገሌ ቤት ሐዘን ገብቷል፣ ቀብር በስድስት ሰዓት ነው!» ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ከአልጋው ይነሣል። ወንዱ አካፋና ዶማውን ይዞ፣ ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ሥራውን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ጥሩምባዋን ሲያስረክቡት የነገሩት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። «ልጄ፣ የባለሐዘኑን ስም ሳትይዝ ጥሩምባ አታንሣ። ባለሐዘን የሌለው ጥሪ ውሸት ነው፤ አንዴ ከዋሸህ ደግሞ ማንም አይነሣልህም» አሉት። ባንትይርጉ ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ደገማት። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዴም ተሳስቶ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

አባቱ በክረምት ጥሩምባዋን የሚይዟት በፍየል ቆዳ ስልቻ ነበር። ስልቻ ደግሞ ቅቤ መቀባት፣ ማሸት፣ ከአይጥ መጠበቅ ይፈልጋል። ልጁ እንዲህ ያለ ጣጣ አይወድም። ከሱቅ ያገኘውን ፌስታል ያነሣል፣ ጥሩምባዋን ይጠቀልልበታል፣ አፉን ቋጠር ያደርገዋል፣ አለቀ። የቀኝ አውራ ጣቱ በልጅነቱ ተሰብሮ ጠምሞ የቀረ ነውና ቋጠሮው የሌላ ሰው ቋጠሮ አይመስልም። ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ አንደኛው ጆሮው ረዝሞ ይንጠለጠላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእሱ ግን ፌስታሉ ይቀደዳል እንጂ ቋጠሮው አይፈታም። ለፍፎ ሲመለስ የተቀደደውን ፌስታል ከድልድዩ ላይ ወደ ወንዙ ይለቀዋል። ነጭ ሆኖ እየተንሳፈፈ ሲርቅ ቆሞ ማየት ደስ ይለው ነበር። ከዚያ ይረሳዋል። ማን ፌስታል ያስታውሳል?

አንድ የሐምሌ ማለዳ ነው። ህልም ይሁን እውን እሱም አጥርቶ አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ዝናቡ አባርቶ ጉም ከተማዋን ውጧታል። ቤት የለ፣ አጥር የለ፣ ሰማይ የለ፤ ነጭ ብቻ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ «ባንትይርጉ፣ ተነሥ። ከድልድዩ ሥር ሟች አለ» አለው። በሩን ከፈተ፤ ማንም የለም። ጥሩምባዋን በፌስታል ጠቀለለ፣ እንደ ልማዱ ቋጠረና ወረደ። በእግሩ የሄደ አልመሰለውም፤ መንገዱ ራሱ ቀስ ብሎ እየፈሰሰ ያወረደው መሰለው።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ እውነትም ሟች አየ። ነጭ ለብሶ፣ በድልድዩ አፍ ላይ ተጋድሞ፣ እንደተገነዘ ሬሳ ጸጥ ብሏል። ርዝመቱ ግን የሰው አይደለም፤ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ነው። ባንትይርጉ አማተበና ቀርቦ በእጁ ነካው። ፌስታልና ጠርሙስ ነበር። ወንዙ ስንት ዓመት ሲያመጣ፣ ሲያጠላልፍ፣ ሲሰፋ ኖሮ አንድ ገላ አድርጎታል። ውሃው በዚህ ገላ ተገድቦ መውጫ ሲያጣ፣ ኮሽታ ሳያሰማ ወደ ዳር ይወጣል። ዳር ላይ ደግሞ የእማማ ዘርፌ የጭቃ ቤት አለ። እማማ ዘርፌ ጧሪ የሌላቸው ባልቴት ናቸው፤ ከዚያች ቤት በቀር በዚህ ዓለም ምንም የላቸውም። ውሃው የግድግዳቸውን ሥር መላስ ጀምሯል።

«እማማ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አሉት ከውስጥ።

«ውሃው ሊገባብዎት ነው! ይውጡ፣ ልሸከምዎት!»

«እኔን ተወኝና ውሃውን ተሸከምልኝ! ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ? እኔ አልወጣም፤ የሚወጣው ውሃው ነው!»

ባንትይርጉ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ሟቹን ጎተተ። ንቅንቅ አላለም። የሠላሳ ሰው ጉልበት ይፈልጋል። «ኡኡ!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱን ጉም ዋጠው። በዚያ ሰዓት ሰውን ከአልጋው የሚያወርደው ጥሩምባ ብቻ ነው። ጥሩምባዋን ያዘና ቆመ። ሟችስ አለ፤ ባለሐዘኑ ማን ነው? የማንን ስም ይጥራ? የአባቱ ቃል አንገቱን ይዛ አላስነፋ አለችው። እንግዲያው ጠይቄ ልምጣ ብሎ ወደ ቅርብ ቅርቡ ቤት ሮጠ።

መጀመሪያ የታሸገ ውሃ የሚሸጥ የአንድ ባለጠጋ ነጋዴ በር አንኳኳ። ባለጠጋው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እኔ የሸጥሁት ውሃውን ነው፤ ጠርሙሱን የጣለው የጠጣው ሰው ነው። ስሜን እንዳትጠራ!» አለና መስኮቱን ዘጋ።

ቀጥሎ ወደ አንዲት ባለትዳር ሴት ሄደ። «በስመ አብ! እኔን?» አለች። «ለቆራሌው ነው የሰጠሁት፣ ያውም አጥቤ! ከቤቴ ካወጣሁት በኋላ ምን አገባኝ?»

ቆራሌውን ጆንያውን ተሸክሞ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘው። «ወንድሜ፣ እኔ የምወስደው የሚቀበሉኝን ነው» አለው ቆራሌው። «ፌስታል ዞር ብሎ የሚያይልኝ የለም። ዘይት የነካውን ጠርሙስ ደግሞ ፋብሪካው ይመልስብኛል። ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልብላው?»

ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው ልጄ፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ሟቹ ግን እንደተጋደመ ነው።

ባንትይርጉ የሚጠራው ስም ሳያገኝ ወደ ድልድዩ ተመለሰ። ውሃው ደፍ አልፏል። እማማ ዘርፌ ከውስጥ «ኧረ ጫማዬ እየዋኘ ነው!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አይደለም፣ ፍርሃት ገብቶበታል። ሳያስበው፣ እጁ እንደለመደው ፌስታሉን ከጥሩምባዋ ላይ ቦጭቆ ወደ ወንዙ ሊለቀው ዘረጋ። ያን ጊዜ ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለ፤ እጁ ላይ ያለችውን ቋጠሮ ሟቹ ደረት ላይ አያት።

አንድ ጆሮዋ የረዘመች ናት። አጠገቧ ሌላ አለች። ከሥሯም ሌላ። ጭቃ የለበሰች፣ ፀሐይ ያነጣት፣ ሥር የጠለፋት፤ ሁሉም ሁለት ጊዜ ተጠምዝዘው፣ ሁሉም አንድ ጆሯቸው ተንጠልጥሎ እሱን ያዩታል። እያንዳንዷ አንድ ቀብር ናት። ይቺ የአናጢው ቀብር ማለዳ ናት፤ ያቺ በወሊድ የሞተችው ሙሽራ የተቀበረች ዕለት፤ ይቺ፣ ከታች ያለችው፣ የገዛ አባቱ። ያን ሁሉ ሰው ጠርቶ አስቀብሯል። እነዚህን ግን የት ደረሳችሁ ብሎ አያውቅም። ባንትይርጉ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ እንባውን በክንዱ ጠረገና ጉብታው ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ነፋ።

«እድርተኛ ሆይ! የእኔ፣ የጥሩምባ ነፊው የባንትይርጉ ቤት ሐዘን ገብቷል! ሟች ከድልድዩ ሥር ነው፤ ቀብር አሁን ነው!»

በሃያ ዓመት ውስጥ፣ ከአባቱ ቀብር በቀር፣ የራሱን ስም ሲጠራ ሰምተውት አያውቁም። አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ከሩቅ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንዶቹ አካፋ ተሸክመው ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ባንትይርጉ ከጉብታው ወርዶ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የእድሩ ዳኛ ሟቹን አዩና ደማቸው ፈላ።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል? በሐዘን ይቀለዳል እንዴ! ማን ሞቶብህ ነው?»

ባንትይርጉ አልተከራከረም። አንዲት ቋጠሮ አንሥቶ አሳያቸው። «ይቺ የኔ ናት። ያቺም የኔ ናት። እዩዋቸው፤ ጣቴን ታውቁታላችሁ። የሌላውን አላውቅም፤ የኔን ግን ልውሰድ ብዬ ነው የጠራኋችሁ» አለና ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ።

ያቺ ባለትዳር ሴት ወደ ውሃው ዳር ቀረብ ብላ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት የዘይት ጠርሙስ አየች። ክሩን ያሰረችው ራሷ ናት፤ የዘይት ነው ብላ ለምልክት። «ውይ!» አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ገባች። እሷ ስትገባ ሌላው ገባ፤ ዳኛውም ገቡ። ባለጠጋው ከሁሉ በኋላ፣ የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ የሟቹ ስፌት ተተረተረ። ድልድዩ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገና ውሃውን ዋጠው። የእማማ ዘርፌ ግድግዳ ሥሩ ርሶ፣ ዘመም ብሎ፣ ግን ቆመ።

«አላልኩህም?» አሉ እማማ ከደጃፋቸው፣ «የሚወጣው እሱ ነው!»

ነገሩ በዚህ አላለቀም፤ ቢያልቅ ኖሮ ተረት ብዬ እነግርሽ ነበር። የጸዳውን ጠርሙስ ቆራሌው ወሰደው። የቀረውን እንቅበረው ቢሉ አፈር እንደማይበላው ያውቃሉ፤ እናቃጥለው ቢሉ ጢሱ ልጆቻቸውን ያስላል። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን በጆንያ አድርጎ ቤቱ አስገባው። እስከ ዛሬ አልጋቸው ሥር ያለ አሉ። እንቅልፍ የሚነሣ ነገር አልጋ ሥር ካለ ደግሞ ሰው ሱቅ ሲሄድ ዘንቢሉን አይረሳም። ባንትይርጉም የአባቱን ስልቻ ከቆጥ አወረደ። ጥጉን አይጥ በልቶታል፤ ጠቀመውና ቅቤ ቀባው። ሦስት ቀን ሙሉ ጎረቤቱ «እግዜር ያጥናህ፣ በፌስታልህ!» እያለ ለቅሶ ደረሰው። ሳቁበት፤ አብሯቸው ሳቀ።

አንቺም ልጄ፣ ጠርሙሷን እንዳጠበችው ሴት ነሽ። ማጠብሽ መልካም ነው፤ አልነቅፍሽም። ግን ቆራሌው ቃሬዛ ተሸካሚ ነው እንጂ ባለሐዘን አይደለም። ተሸካሚ ደክሞት ቃሬዛውን መንገድ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ባለሐዘን «እኔ ከቤቴ አስወጥቻለሁ» ብሎ ይመለሳል? ተሸካሚውን ይሰድባል? ከእጄ ከወጣ በኋላ የማን ነው አልሽኝ። ስሙን የሚጠራ ሰው እስኪገኝ ድረስ የማንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ የሚተኛው በእማማ ዘርፌ ደጃፍ ነው።

በይ ተነሺ። ቆራሌው የደፋበትን ገደል ታውቂው የለም? ቋጠሮሽንም ታውቂዋለሽ። ከዘራዬን አቀብዪኝና አብረን እንውረድ፤ የእኔም እዚያ አይጠፋም።