አያ ጅቦና የቀዝቃዛው መኮሮኒ ጨው

አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ድንጋይ በምታግልበት የበጋ ወር፣ የዱር እንስሳት በየተራ እየደገሱ በወንዝ ዳር ሾላ ሥር ማኅበር ይበሉ ነበር። ዘንድሮ ተራው የአያ ጅቦ ነው። አምና በሚዳቋ ድግስ ላይ ገና ሳይመረቅ ሌማቱን ጠራርጎ በልቶ ስለነበር፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ አያ አንበሶ ጠርቶ አስጠነቀቀው።

«ስማ አያ ጅቦ! ዘንድሮም ከምርቃት በፊት ከበላህ፣ ማኅበራችንን ዳግም አትረግጣትም!»

«እኔ ብበላ አጥንት ያንቀኝ!»

ከልቡ ነበር የማለው። ብቻውን መብላት አንገሽግሾታል፤ እንደ ሰው በወግ ተቀምጦ፣ እየተጫወተ መብላት አምሮታል።

በዚህ ሙቀት ትኩስ ወጥ ማን ይበላል ብሎ ቀዝቃዛ የመኮሮኒ ሰላጣ ሊሠራ ተነሳ። መኮሮኒውን ቀቅሎ አጠለለና በወንዝ ውሃ አለቅልቆ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ካሮት፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከትፎ ጨመረ፤ በእርጎና በስልባቦት ለወሰው፤ ሎሚ ጨመቀበት፤ ጨው ነሰነሰበት። ከዚያ ድስቱን ከድኖ ወንዙ ዳር ውሃ ውስጥ አስቀመጠና አጠገቡ ቁጭ አለ። ለሃጩ ይዝረበረባል፤ እጁን ግን አልዘረጋም። እንዲህ ያለ ጅብ ታይቶም አይታወቅ!

ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ታየው ነበር። «እሱን ሲያባርሩ፣ በግርግሩ ድስቱን ይዤ እብስ እላለሁ» ብላ አሰበችና ብቅ አለች።

«እንደምን ዋሉ አያ ጅቦ! ጨዉን ቀመሱት?»

«ኧረ እኔ! መብላት ተከልክያለሁ።»

«መብላትማ ነውር ነው። መቅመስ ግን የባለሙያ ወግ ነው። አልጫ ምግብ ለአያ አንበሶ ሊያቀርቡ ነው እንዴ?»

አያ ጅቦ ክው አለ። «እውነትሽን ነው እመት ቀበሮ! ትንሽ ብቻ ልቅመስ።»

አንድ ጭልፋ ሲውጥ አይታ፣ አያ አንበሶን ልትጠራ እየሳቀች በረረች።

አያ ጅቦ የቀመሰው ከላይ ነበር። «ጨው ወደ ታች ይሰምጣል» አለና ከሥር ጨለፈ። ከሥር ሎሚው የበዛ መሰለውና ከዳር አመሳከረ። ዳሩን ከመሃሉ ጋር ማስተያየትም ግድ ሆነ። በመጨረሻ ጭልፋው ዘገየበትና ጭንቅላቱን ድስቱ ውስጥ ከተተ።

እንስሳቱ ግር ብለው ሲደርሱ ቀበሮ ቀድማ ድስቱን አነሳች። ቀለላት። ብታየው ታጥቦ የተወለወለ ይመስላል።

«በላኸው!» ብሎ አገሳ አያ አንበሶ።

«ኧረ አልበላሁም!» አለ አያ ጅቦ፣ እስከ ቅንድቡ ስልባቦት ተለቅልቆ። «ጨው ነው የቀመስኩት።»

«እና ጨዉ እንዴት ነው?»

አያ ጅቦ ምላሱን አጣጣመና በጣም አሰበ። «ልክ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ እንድሆን አንድ ድስት መኮሮኒ ይጨመርልኝ።»

እንስሳቱ በሳቅ ተንከባለሉ። አህያ ብቻ «አሁን ደግሞ ቀጥሎ እኔን ነው የሚቀምሰው» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። አያ አንበሶም ሳቀ፤ ሕግ ግን ሕግ ነውና አያ ጅቦን ከማኅበሩ አስወጣው። ቀበሮም ባዶ ድስት ታቅፋ ቀረች። አያ ጅቦ ከወንዙ ማዶ ብቻውን ተቀምጦ፣ የጓደኞቹን ጨዋታ ከሩቅ እየሰማ፣ ሆዱ ሞልቶ አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው «ትንሽ ብቻ» ብለን በር የከፈትንለት ስስት ድስቱንም ወዳጆቻችንንም ሳያሳጣን እንደማይወጣ ነው።