ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ

አንድ ሰው ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎች የት እንደሚቀመጡ ታውቃላችሁ፤ ከፊት፣ ምንጣፍ ባለበት፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው። እሱም እዚያ ነበር የሚቀመጠው።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ትርሲት የምትባል ዘማሪት ነበረች። ሳታገባ አረገዘች። ማንም ሳይጠይቃት ራሷ መጥታ ተናገረች፤ አልቅሳ ንስሐ ገባች። ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ከመዘምራን አገዷት። ሥርዓት ነውና በዚህ አልከራከርም። ግን የቅጣቱ ጊዜ አለቀ፤ ልጇንም ወለደች። "ቀጥ ማለቷን እንይ፣ ትንሽ ትቆይ" አሉ። ደግሞ ተሰበሰቡ፤ ደግሞ "ትንሽ ትቆይ" አሉ። ይህችን ቃል አብዝቶ የሚወዳት ያ መምህር ነበር።

በመጨረሻ ትርሲት ለእናቷ "አሁንም ካልመለሱኝ፣ ከእንግዲህ እግሬ እዚያ አይረግጥም" አለቻቸው። እናቷ ሄደው ለመምህሩ ነገሩት። "እንግዲህ የራሷ ምርጫ ነው" አላቸው።

በዚያው ሳምንት ነው። ውርጭ በጣለበት ጠዋት መምህሩ በአንድ ብርጭቆ ቅቤ፣ በሌላው የኑግ ዘይት ይዞ ክፍል ገባ። የቅቤውን ብርጭቆ ዘቀዘቀው፤ ንቅንቅ አላለም። ዘይቱ ግን ይፈሳል።

"የሕዋስ ስስ ሽፋን የሚሠራው ከስብ ነው" አላቸው። "አንዳንዱ ስብ ቅቤው ውስጥ እንደሚበዛው ቀጥ ያለ ነው፤ ጎን ለጎን ጥቅጥቅ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ እንደሚበዛው ወገቡ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ በመካከል ክፍተት ይተዋል። ብርድ ሲመጣ ቀጥ ያሉት ተጠጋግተው ሽፋኑን ያደርቁታል። የደረቀ ሽፋን ምግብ እንደልብ አያስገባም፣ ቆሻሻም አያስወጣም። ስለዚህ ሕዋሱ ጎበጥ ያሉትን አብዝቶ ይሠራል። ሲለሰልስለት ደግሞ ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ያፈሳልና።"

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ መድረቁን በምን ያውቃል?"

"እርሾን ብንወስድ፣ የሚያውቀው እዚያው ሽፋኑ ውስጥ የተሰካ ፕሮቲን ነው። በስቦቹ መካከል ይቆማል። ሲጨናነቁ እሱም አብሮ ይጨናነቃል፤ ያኔ 'ጎበጥ ያሉትን ሥሩ' የሚል መልእክት ወደ ውስጥ ይልካል። ከውጭ ቆሞ ማወቅ አይችልም።"

ይህን እንደተናገረ ከፊት፣ ምንጣፉ ላይ ያለው ወንበሩ ትዝ አለው።

እሑድ ወደ ፊት አልሄደም። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ትርሲት ልጇን ታቅፋ ብቻዋን ከምትቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ደነገጠች። "ጋሼ፣ የእርስዎ ቦታ እኮ እዚያ ነው" አለችው። "ዛሬ እዚህ ነኝ፣ ልጄ" አላት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ ቁርጭምጭሚቱን ይገርፈዋል።

ሰላም የመባባያው ጊዜ ደረሰ። ከፊታቸው ያሉት ዞረው እሱን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። እሷን ሳያዩ ተመለሱ። ከወዲያኛው ረድፍ የመጡትም እንዲሁ። ትርሲት እጇን እንኳ አልዘረጋችም። የሕፃኑን ፎጣ ማስተካከል ጀመረች፤ ፎጣው ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ያ ሰው አፈረ። በጣም አፈረ።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አቶ ደጀኔ "መምህር፣ የትርሲት ጉዳይ መቼም ይቆይ ነው የሚሉት፣ አይደል?" አሉት።

"እሑድ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።"

"አየንዎት እኮ። አሞዎት መስሎን ነበር።"

"አላመመኝም። እዚያ ብርድ ነው፣ አቶ ደጀኔ። እሷ ቀጥ እስክትል ስንጠብቅ የደረቅነው እኛ ነን።"

አቶ ደጀኔ ቃለ ጉባኤው ላይ "ትመለስ" ብለው ጻፉ። ስብሰባውም ያን ቀን አጭር ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ትርሲት ከመዘምራን ጋር ቆመች። ሕፃኑንስ ማን ያዘው? መምህሩ ነዋ። በሩ አጠገብ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ በጋቢው ጠቅልሎ ያዘው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የት ነው የተቀመጣችሁት? ነፋሱ ከማይደርስበት ነው? አንዳንዶቻችሁ "ፓስተር፣ ታዲያ ሁሉ ነገር ይላላ ነው የምትለን?" ትሉኛላችሁ። አላልኩም። ሕዋሱም መጠን ያውቃል፤ ከላላ እንደሚያፈስ መምህሩ ተናግሯል። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። በቤታችሁ፣ በዚህ አዳራሽ፣ "ትንሽ ይቆይ" ያላችሁት ማን ነው? እሱ ከተቀመጠበት ቦታ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ብርዱን በወሬ ነው ወይስ በእግራችሁ የምታውቁት?

እኔም ብሆን ይኸው ከፍ ብዬ፣ ምንጣፍ ላይ ቆሜ ነው የምነግራችሁ። ከዚህ ሆኜ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ማን እንዳለ በደንብ አይታየኝም።

አሁን ሰላም የምንባባልበት ጊዜ ነው። ተነሡ። እኔ ወርጄ ከበሩ አጠገብ እጀምራለሁ።