ቃሪያው ሳሎን አደረ

አንዲት ሴት ነበረች። ቤተ ክርስቲያን የማትቀር፣ የምትጾም፣ የምትመጸውት፣ ማኅበር የምትጠጣ። እንደኔና እንደናንተ ያለች።

ይህች ሴት በባዶ የእርጎ ኩባያዎች አፈር ሞልታ፣ ሳሎኗ መስኮት ሥር የቃሪያ ዘር አበቀለች። ችግኙ ጠናና ወደ ጓሮ የሚዛወርበት ጊዜ ደረሰ። ታዲያ በአንዴ አወጣችው? እንዴት ተደርጎ! መጀመሪያ ጠዋት ለአፍታ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ። ከዚያ ይመለሳል። በማግስቱ ትንሽ ፀሐይ። ይመለሳል። ቀጥሎ ትንሽ ነፋስ። አሁንም ይመለሳል።

የሚያወጣው፣ የሚመልሰው ማን ነው? ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛዋ ናት። ገና ሳምንቷ ነው። ሴትዮዋ «አንቺ» ነው የምትላት። እኔ ግን ስሟን እነግራችኋለሁ። አንጓች ትባላለች።

አንድ ቀን አንጓች ኩባያዎቹን በትሪ ተሸክማ ስትመለስ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ወጥቶ ከተመለሰ ምን ጠቀመው? ለምን አንዴውን አንተክለውም?»

ሴትዮዋ ሳቀች። ስለ ችግኝ ማውራት ትወዳለች።

«ቤት ውስጥ ያደገ እኮ ነው! ፀሐዩን አያውቀው፣ ነፋሱን አያውቀው። ድንገት ብንወረውረው ጠውልጎ ይቀራል። ቀስ እያለ ይልመድ እንጂ፤ ያሳዝናል።»

ያሳዝናል አለች! ስሙልኝ። ቃሪያው ያሳዝናል።

በነጋታው ማኅበርተኞች ሊመጡ ነው። ቤቱም ዕቃውም ይታጠባል። አንጓች መደርደሪያው ላይ አንድ መጥበሻ አገኘች፤ ውስጡ ጥቁር። ይህች ልጅ የምታውቀው የአገሯን ድስት ነው። ጥላሸት የያዘ ድስት በአመድና በአሸዋ ተፈትጎ ካልበራ እናቷ አትለቃትም ነበር። ስለዚህ ተቀመጠችና ፈተገች። ጣቷ እስኪላጥ ፈተገች። ምግብ እንዳይይዝ የተቀባው ጥቁር ቀለም ሁሉ ተልጦ ብረቱ ፈጠጠ። ይዛው ወደ ሳሎን ሮጠች።

«እትዬ፣ ይዩልኝ! ጥቁሩን ሁሉ አስለቀቅሁት!»

ልጅቷ ምርቃት ነበር የጠበቀችው። ደንቆሮ ተባለች። ከብት ተባለች። «አላወቅሁም እትዬ፣ ያሳየኝ የለም» ብትል፣ «ጭራሽ ምላስም አብቅለሻል! ውጪልኝ ከቤቴ!» ተባለች። ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች።

ሊመሽ ሲል ነፋስ ተነሣ፤ ሰማዩ ጠቆረ። ሴትዮዋ ድንገት ራሷን ያዘች። «ውይ፣ ችግኜን!» ብላ በባዶ እግሯ ወደ በረንዳ ሮጠች። አንጓች ገና የግቢው በር ላይ ቆማለች። ወዴት ትሂድ? ከተማውን አታውቀው፣ መንገዱን አታውቀው። ሴትዮዋ አየቻት። አይታት ትሪውን አነሣች። ኩባያዎቹን አቅፋ አስገባች። ተመልሳ መጣችና የግቢውን በር ቀረቀረችው።

አንጓች የት አደረች? እኔ አላውቅም። ሴትዮዋም አታውቅም። ቃሪያው ግን ሳሎን አደረ።

አሁን ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። «ምን ያለችው ጨካኝ ናት!» ትላላችሁ። ተዉ እባካችሁ! መራራት መች አጣች? ትዕግሥት መች አጣች? ለቃሪያ ሰጠችው እንጂ! እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እናንተም ታውቁበታላችሁ። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሲጀምር እጁን ይዛችሁ አልሄዳችሁም? እያለቀሰ ሲመለስ አላቀፋችሁትም? የሰው ልጅ ሲሆን በሳምንቱ ሁሉን ይወቅ የምትሉት ምን ብላችሁ ነው?

ወንዶች፣ እናንተም አትሳቁ። ሱቅ የቀጠራችሁትን ልጅ ሚዛኑን በቅጡ ሳታሳዩት፣ አጎደልህ ብላችሁ ያባረራችሁ እዚሁ ፊቴ ተቀምጣችኋል። ዓይናችሁን አትስበሩ፤ ስሙኝ!

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ በር የምትከፍትላችሁ ልጅ አለች። በስሟ ጥሯት። ማድ ቤት ግቡና መጥበሻው እንዴት እንደሚታጠብ በገዛ እጃችሁ አሳዩአት። ብትረሳ ደግማችሁ አሳዩአት።

እምቢ ካላችሁ ግን፣ በሚመጣው እሑድ እዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ከቆሙት መካከል አንዲት ልጅ ታገኛላችሁ። እንደ ልማዳችሁ ሳንቲም ጣል አድርጋችሁላት እንዳታልፉ። ቆም በሉና ፊቷን እዩት። ከማን ቤት እንደወጣች ታውቁ ይሆናል።