የጫኔ እግርና የወጌሻው ማር

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መስቀል ጨብጬ ብምልም አታምኑኝም።

በአንድ አገር በየዓመቱ ከየቤቱ ማር ተዋጥቶ በንጉሡ ጋን ይከማች ነበር። ሰው ሲሰበር ወጌሻ ይጠራለታል፤ ወጌሻው በተመላለሰ ቁጥር ንጉሡ አንድ ቅል ማር ይቀዳለታል። ታማሚው ምንም አይከፍልም። ደግ ሕግ ነው።

ታዲያ ጫኔ የሚባል ሸማኔ ከዛፍ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። ሸማኔ ደግሞ መርገጫውን የሚረግጠው በእግሩ ነውና፣ እግሩ ካልዳነ ልጆቹ ጦም ማደራቸው ነው። ወጌሻ ዳምጤ መጥቶ በቀርከሃ አሰረው። ጠዋት ያጠብቀዋል፣ ከሰዓት ያላላዋል፣ ማሩን ይቀበላል፤ በነጋታውም እንዲሁ። ስንት ጊዜ የቆየ ይመስላችኋል? ቀርከሃው ጫኔ እግር ላይ ቅጠል አወጣ። ፍየሎች ሊግጡት ደጅ ላይ ተሰለፉ። ዳምጤማ ማሩ ቦርጭ አውጥቶለት በበሩ በጎን ይገባ ጀመር።

ንጉሡ ይህን ሰማና አዋጅ አስነገረ፦ "ከእንግዲህ ለመመላለስ አልከፍልም። የጫኔ እግር መዳኑን የማውቀው ነጠላ ሲሸመን ነው። ነጠላው የደረሰኝ ቀን ለወጌሻው አንድ ጋን ማር ይሰጠዋል።" አገሩ በእልልታ ተናወጠ፤ እኔ ራሴ ሦስት ቀን ጨፍሬያለሁ።

በነጋታው ዳምጤ እየሮጠ መጣ። ጫኔ ደስ ብሎት እግሩን ዘረጋለት። ዳምጤ ግን አልጋውን አልፎ የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ ገባና መወርወሪያውን አነሣ።

"ጋሼ ዳምጤ፣ እግሬ እኮ እዚህ ነው" አለው ጫኔ።

"አንተ ሰውዬ ዝም በል፣ ክሩ እየተበጠሰብኝ ነው። ይልቅ የትኛው ነው የሚረገጠው?"

ወር ሙሉ ሸመነ። ከዚያ ጫኔን በቃሬዛ አሸክሞ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ነጠላ ተብዬው በአንድ ጎኑ ጅብ የጎተተው፣ በሌላው የዓሣ መረብ ይመስላል።

ንጉሡ ነጠላውን አየ፤ ቃሬዛውን አየ፤ ራሱን ያዘ። "እንግዲህ ይህን ሰው በምን ለክቼ ልክፈለው?" ሲል መኳንንቱን ጠየቀ።

ጫኔ ከቃሬዛው ቀና ብሎ ነገሩን አፈረጠው፦

"ጃንሆይ፣ ለመመላለሱ ሲከፍሉት መንገደኛ ሆነ። ለነጠላው ሲከፍሉት ሸማኔ ሆነ። እስቲ አንድ ጊዜ ስለ እግሬ ይክፈሉት፤ ማን ያውቃል፣ ወጌሻ ይሆን ይሆናል።"